አርብ ገበያ በሠርግ ወር

ጋይንትን ማየት የሚፈልግ ሰው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቢሄድ መልካም ነው። እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ገብቷል፤ በሬው አርፏል፤ ጌሾው ተወቅጧል፤ በየመንደሩ ዳስ ተጥሏል። እኔም የሄድሁት በ2011 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ነው። በዚያ ሰሞን አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጋቢት መጨረሻ ተቀጥሮ ስለነበር የመምህሩም የቀበሌ ሹሙም ወሬ ቆጠራ ሆኗል። የኔም ጉዞ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። የቆጠራ መጻሕፍት ውስጥ ደቡብ ጎንደር የሚለውን ገጽ ደጋግሜ ሳገላብጥ ቆይቼ፣ ቁጥሩ የተለቀመበትን አገር በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው።

ገጹ እንዲህ ይላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ 2 ሚሊዮን 51 ሺህ ገደማ ነበር፤ ወንዶቹ ሴቶቹን በ30 ሺህ ይበልጣሉ። በመላው የአማራ ክልል፣ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ፣ የወንዱ ብልጫ 61 ሺህ ገደማ ነው። ከክልሉ ሕዝብ ከስምንት አንድ የማይሞላው ዞን ከብልጫው ግማሹን ይዟል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ 2 ሚሊዮን 740 ሺህ ከሚሆነው ነዋሪ ሴቶቹ ወንዶቹን በ129 ሺህ ገደማ ይበልጣሉ። በአገሪቱ በጠቅላላው ከሕዝቡ 45 ከመቶ የሚሆነው ከ15 ዓመት በታች ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ልጆች ከሩብም ያንሳሉ፤ ከተማዋን የሞላት ለሥራ የደረሰ ወጣት ነው። እነዚህን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ስለ ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች የሚያነብ ይመስለዋል። እኔ ግን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ መሆናቸውን ያመንሁት አርብ ገበያ ላይ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ሜዳ ነው፤ የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ገለባው ተከምሯል። ከወረታ በኋላ ዳገት ነው። ደብረ ታቦርን አልፈን፣ ጉናን በስተቀኝ ትተን፣ በክምር ድንጋይና በጋሳይ አድርገን ነፋስ መውጫ ስንደርስ ጋቢ ያልያዘ ተሳፋሪ ሁሉ ተኮራምቶ ነበር። ከላይ ጋይንት ወደ ታች ጋይንት መውረድ ከገብስና ከድንች አገር ወደ ጤፍና ወደ ማሽላ አገር መውረድ ነው። ቁልቁለቱ እየባሰ ሄዶ መጨረሻው የበሽሎ በረሃ ነው፤ ከበሽሎ ማዶ ወሎ ነው። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት።

በአባዱላው ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ወጣቶች ከመተማ የሚመለሱ ነበሩ። ሰሊጥ አጨዳው ካለቀ በኋላ ጥጥ ሲለቅሙ ቆይተው፣ ለሠርጉ ወር መድረሳቸው ነው። አንዱ ለእናቱ ብርድ ልብስ፣ ለራሱ ጃኬት ገዝቷል። ወባ እንደያዘው ከዓይኑ ቢጫነት ያስታውቃል። የማን ሠርግ እንደሆነ ስጠይቀው የአክስቱ ልጅ ነው አለኝ።

«አንተስ?»

«መሬት ሳይኖር?» አለና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከሽግሽጉ በኋላ እንደተወለደ፣ አባቱ ያለው ሁለት ጥማድ መሬት እንደሆነ፣ ወንድማማቾቹ አራት እንደሆኑ አጫወተኝ።

ይህን መልስ ከዚያ በኋላ በየደረስሁበት ሰምቼዋለሁ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ያልደረሰ ወይም ያልተወለደ ልጅ ከአባቱ ከሚቆረስለት በቀር ድርሻ የለውም። አባት ደግሞ ዕድሜ ከሰጠው እስከ ሰባና ሰማንያ ዓመቱ ያርሳል። እንግዲህ ልጁ ምን ብሎ ሽማግሌ ይላክ? የሴት አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው በሬና መሬት ነው። ሠንጠረዡ «ያላገባ» ብሎ የመዘገበው የገጠር ወንድ ብዙውን ጊዜ ማግባት ያልፈለገ ሳይሆን ማግባት ያልተቻለው ነው።

የሴቷ ነገር ሌላ ነው።

ገበያው ውስጥ ብዙ የቆየሁት ጫማ ተራ ነው። አንድ ጋቢ የደረበ፣ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ አባወራ ለልጁ ሙሽራ ጥሎሽ ይሸምታል። ነጠላውን፣ ሻሹን፣ ቀሚሱን፣ ጃንጥላውን ገዝቶ የቀረው ጫማ ነው። ሻጯ «ስንት ቁጥር ነው የምታደርግ?» ስትለው ከኪሱ ስንጥር አወጣ። በልጅቷ እግር ልክ፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ተለክቶ የተቆረጠ የሸንበቆ ስንጥር ነው። ሻጯ ስንጥሩን በየጫማው እያስገባች ስትሞክር 34 ቁጥር ላይ ልክ ገጠመ። ሰውየው ጫማውን አገላብጦ አየና «አንድ ቁጥር ጨምሪልኝ፤ ገና ታድጋለች» አላት። 35 ቁጥሩን ጠቅልላ ሰጠችው። በዋጋ ትንሽ ተከራክረው፣ ተመራርቀው ተለያዩ።

በዚያ ድርድር ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያሳምመውም ይኸው ነው። አባወራው ለምራቱ ጥሩ ጫማ የሚመርጥ ደግ ሰው ነው፤ ሻጯም የሚያስደስት ሥራ የሠራች መስሏት ፈገግ እንዳለች ነው። ሕጉ ግን ከተለወጠ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያላደገች ልጅን ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ ሦስት፣ ካልሞላት እስከ ሰባት ዓመት እንዲታሰር ደንግጓል። ሰውም ሕጉን ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም ነው የትንሿ ሠርግ በታላቅ እህቷ ሠርግ ጥላ፣ አለዚያም በማኅበር ድግስ ስም የሚደረገው።

በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ እስኪሆን ድረስ አግብተው ነበር፤ በአዲስ አበባ ይህ ዕድሜ ከ21 ይበልጣል። በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ የስድስት ዓመት ልዩነት። የእንግሊዙ የሥነ ሕዝብ ምሁር ጆን ሃጅናል በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከትሪየስት እስከ ሴንት ፒተርስበርግ መስመር አስምሮ፣ ከመስመሩ በስተምዕራብ ሰው ዘግይቶ እንደሚያገባ፣ ሳያገባ የሚቀረውም ብዙ እንደሆነ፣ በስተምሥራቅ ግን ሁሉም ቀድሞ እንደሚያገባ አሳይቷል። የእርሱ መስመር አውሮፓን ለሁለት የሚከፍል ነው። የእኛ መስመር ግን አንዱን ቤት ከሌላው ይለያል፤ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት እህትማማቾች መካከል ያልፋል።

ይህን በደንብ ያስረዱኝ የከተማዋ ዳርቻ ላይ ጠላ የሚሸጡ እናት ናቸው። ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ መደቡ በአዛባ ተለቅልቆ ደርቋል፤ ጋኖቹ በመስመር ተቀምጠዋል። እኔ «እማማ» እያልሁ ባከብራቸውም ዕድሜያቸው ከኔ ብዙ የሚርቅ አልነበረም። ስንት ዓመትዎ ነው ስላቸው «ማን ቆጥሮት፣ ልጄ! በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናቴ እኔን አዝላ እህል ልትቀበል ትሄድ ነበር» አሉኝ። አስልተን ወደ 35 ደረስን። ቆጣሪ ቢመጣ ምን ብለው እንደሚያስመዘግቡ ስጠይቃቸው «አርባ በለው» አሉ። የቆጠራ መጻሕፍት ውስጥ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ ሰው ተከምሮ በመካከላቸው ያሉት ዓመታት የሚሳሱት በዚህ ምክንያት ነው።

የተዳሩት ጥርሳቸውን ነቅለው ሳይጨርሱ ነው። ሁለት ጊዜ ሸሽተው አባታቸው ቤት ገቡ፤ ሁለት ጊዜም ሽማግሌ መለሳቸው። በሦስተኛው ወደ አባታቸው ቤት ሳይሆን ወደ ከተማ ሄዱ። ሁለተኛ ባል ራሳቸው መርጠው አገቡ፤ አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ከእርሱም ጋር ተለያዩ። «የመጀመሪያው የአባቴ ነበር፣ ሁለተኛው የኔ፤ ከእንግዲህ ደግሞ የልጄ ነኝ» አሉኝ።

የእርሳቸው ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰበሰበ የቤተሰብና የወሊድ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 ከመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቃ፣ ከሚፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደሆነ አግኝቷል። በልጅነት መዳርና ልጅ ማጣት ደግሞ ዋነኞቹ ገፊ ምክንያቶች ናቸው። ስለ ፍቺ ሲነሣ ዘመኑ ተበላሸ፣ ከተማ አበላሸን ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ከዚህ ቁጥር የማነበው ሌላ ነው። የሰሜኑ ገጠር ፍቺ በብዛት የልጅ ጋብቻ ዕዳ ነው፤ ያልተጠየቀች ልጅ ስታድግ የምትሰጠው መልስ ነው።

ለመሆኑ የተፋታች ሴት ገጠር ላይ ለምን አትቀርም? ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም አንድ ላይ የያዘ፣ ፎቶግራፋቸው የሚለጠፍበት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሴት በፍርድ ቤት ድርሻዋን አስከብራበታለች። ነገር ግን መሬት ያላት ሴትም የሚያርስላት ወንድ ያስፈልጋታል። በሬ መንዳት ለሴት አይፈቀድማ። ድርሻዋን የእኩል ሰጥታ፣ ግማሽ ምርት እየተቀበለች ከተማ ገብታ ጠላ ትጠምቃለች። የአርብ ገበያ፣ የነፋስ መውጫ፣ የስማዳዋ ወገዳ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የኪራይ ክፍሎች እንዲህ ባሉ ሴቶች የተሞሉ ናቸው።

እኒሁ እናት ሁለት ታናናሽ እህቶች አሏቸው። በእርሳቸው የደረሰውን ያዩት ወላጆች ሁለተኛዋን አልዳሯትም፤ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ከአጎቷ ልጅ ጋር አዲስ አበባ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። አሁን ቀን እየሠራች ማታ ትማራለች፤ ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ አላገባችም። ሦስተኛዋ ቤሩት ናት። ሁለት ወንድሞቻቸው አባታቸው ቤት ናቸው፤ እነርሱም አላገቡም። «ማንን ያግቡ?» አሉኝ የጠላ ቤቷ እናት፤ «ልጃገረዱ ሁሉ ወጣ፤ መሬቱም ለሁለት ሲሆን አይበቃ።»

እስቲ ይህን ቤት ወደ ሠንጠረዥ እንመልሰው። ታላቅ እህት አርብ ገበያ ላይ «የተፋታች» ተብላ ትመዘገባለች። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ላይ «ያላገባች» ናት፤ የከተማዋን የጋብቻ ዕድሜ ከፍ የምታደርገው፣ የሴቱን ቁጥር የምታበዛው እርሷ ናት። ሦስተኛዋ የትኛውም ገጽ ላይ የለችም። ወንድሞቹ ደቡብ ጎንደር ላይ «ያላገቡ» ሆነው ከወንዱ ብልጫ ይደመራሉ። አዲስ አበቤው ዘግይቶ የሚያገባው ዘመናዊ ስለሆነ፣ የጋይንቱ ቀድሞ የሚያገባው ኋላ ቀር ስለሆነ ነው የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይወድቅብኛል። አዲስ አበባ ያላገባችው ሴት ከጋይንት ጋብቻ አምልጣ የሄደችው ናትና።

ይህ ሁሉ ሲሆን በወሊድ በኩል ያለው ለውጥ ሊነገርለት ይገባል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ዳሰሳ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ በአገር ደረጃ 4.6 ነበር፤ በሱማሌ ክልል 7.2፣ በአማራ 3.7፣ በአዲስ አበባ 1.8። ካገቡት ሴቶች ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት በአዲስ አበባ 50 ከመቶ ሲሆኑ በአማራ 47 ከመቶ ደርሰዋል። ቀድማ በማግባት የምትታወቀው የአማራ ገጠር ሴት በመርፌውና በክንድ ውስጥ በሚቀበረው ጉዳይ ከአዲስ አበባዋ ሴት እምብዛም አታንስም ማለት ነው። ያን ያደረጉት በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው መርሐ ግብር ያሰማራቸው፣ ቦርሳቸውን አንግበው ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ናቸው። በአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ያገኘኋት እንዲህ ያለች ሠራተኛ ከሁሉ የሚከብዳት ሥራ መርፌ መውጋት ሳይሆን፣ ገና ያልደረሰች ሙሽራ ከአማቷ ጋር ስትመጣ ዕድሜዋን መጠየቅ እንደሆነ ነገረችኝ። «አማቷ ነው የምትመልስ» አለች።

ጋብቻውንም ማዘግየት የማይቻል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ ብርሃነ ሄዋን የሚባል ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል፤ ትምህርት ቤት ያልገቡት በቡድን ይሰባሰባሉ፤ ቤተሰቡ ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ከቆየ ፍየል ይሸለማል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት መካከል ግን ጋብቻ አልቀነሰም፤ ቤተሰቡ አዘገየው እንጂ አልተወውም። እኔ ይህን ውድቀት ብዬ አልጠራውም። በ12 ዓመትና በ16 ዓመት መካከል ያሉት አራት ዓመታት ፊደል የሚቆጠርባቸው፣ ዳሌ የሚሰፋባቸው፣ እምቢ ማለት የሚለመድባቸው ዓመታት ናቸው። ያንን ሁሉ በአንዲት ፍየል ማግኘት ከተቻለ፣ ፍየሏ ስለምን በየቀበሌው አልደረሰችም?

ጋይንት ሰው የሚወጣባት ብቻ ሳትሆን የሚገባባትም ናት። ከአርብ ገበያ ስወጣ ደበሎ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግበው ሲሄዱ አገኘሁ። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ለድጓ ምስክር ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ የሚጎርፈው ወጣት ወንድ ለዘመናት ሲመጣ የኖረ ነው። ትምህርቱ ዓመታት ይፈጃል፤ እስኪያልቅ ሚስት የለም፤ ዲቁና የተቀበለው ቅስና ሳይቀበል ማግባት ስላለበት የጋብቻው ጊዜ በትምህርቱ ይወሰናል። አንዱን ጥጋቱ ላይ ተቀምጦ ሲያርፍ ስለ ጋብቻ ስጠይቀው «መጀመሪያ ድጓው፣ ከዚያ ሚስቱ» አለኝ። ዕድሜው ከዚያች ጫማ ከተገዛላት ሙሽራ በአሥር ዓመት ሳይበልጥ አይቀርም፤ ጊዜ ግን ተሰጥቶታል። ለመማር ሲባል ጋብቻን ማቆየት በዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ የተከበረ ልማድ ነው። ለሴት ልጅ ብቻ አልተፈቀደም።

አራተኛው ቆጠራ በመጋቢት ተላለፈ፤ ከዚያ ወዲህም አልተደረገም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይደረጋል ቢልም እስከ አሁን የምንጽፈው፣ የምናቅደው በ1999ኙ ቁጥር ነው። በዚያ ቆጠራ የአምስት ዓመት ልጅ ተብላ የተመዘገበች የጋይንት ልጅ እኔ ስሄድ 17 ዓመት ሆኗት ነበር፤ ተድራ፣ ምናልባትም ተፋትታ፣ ምናልባትም አዲስ አበባ ገብታ። ቅጹ የጋብቻ ሁኔታን የሚጠይቀው ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው። የ10 ዓመት ልጅን አግብታ እንደሆነ መጠየቅ የተገደደ ቅጽ አገሩን ያውቀዋል። የማይጠይቀው የወጡትን ነው። ስለ ፍልሰት የሚጠየቀው የመጣው ሰው፣ በመጣበት ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ «ከየት መጣሽ?» ይባላል እንጂ አርብ ገበያ ላይ «ማን ወጣባችሁ?» አይባልም። በሚቀጥለው ቆጠራ ለየቤቱ ይህ ጥያቄ ቢጨመር፦ ከዚህ ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ የሚኖር ልጅ አለ? ወንድ ነው ሴት? በስንት ዓመቱ ወጣ? አግብቶ ነበር? አሁን የት ነው? ያን ጊዜ የጠላ ሻጯ አባት ቤት፣ ያላገቡ ሁለት ወንዶች ያሉበት ከመባል ይልቅ፣ አምስት ልጆች ያሉት ቤት ተብሎ ይመዘገባል፤ ቤሩት ያለችውም ዕድሜዋና የጋብቻ ሁኔታዋ ተጽፎ።